ማመልከቻ ከመጻፍህ በፊት ጊዜውን ለይ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባለጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ነገሩ ያለፈ ነው የሚመጣ?» ብዬ ነው። አንተም ለራስህ ስትጽፍ ከዚህ ጀምር።

ክፍፍሉ የግሪኩ ፈላስፋ የአርስቶትል ነው (ከክርስቶስ ልደት በፊት 384–322)። የፍርድ ቤት ንግግር ስላለፈው ይከራከራል፣ መለኪያውም ፍትሕ ነው። የሸንጎ ንግግር ስለሚመጣው ይመክራል፣ መለኪያውም ጥቅም ነው። የሚያወድስና የሚነቅፍ ሦስተኛም አለ፤ እሱን ለሠርግና ለለቅሶ እንተወው።

አንዲት ሻይ ሻጭ ጅቡቲ የሚኖር አከራይዋ ኪራይ ጨመረባትና ደብዳቤ ልታስጽፍ መጣች። «ጣሪያውን ያስጠገንኩት እኔ፣ በሩን ያስቀየርኩት እኔ…» ንዴቷ እውነት ነው፤ ግን የምትፈልገው የሚቀጥለውን ዓመት ኪራይ እንጂ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ያሰፈርኩት የእሱን ጥቅም ነው፦ «ቤቱ ባዶ ቢከርም፣ አዲስ ተከራይ ቢያስቸግርዎም፣ ከሩቅ ሆነው የሚከታተልልዎ የለም።» ጣሪያውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገባሁት፣ ለቤቱ የምታስብ መሆኗን እንዲያሳይ። አርስቶትልም የተናጋሪው ጠባይ ከንግግሩ ራሱ መታየት አለበት ይላል፤ «ታማኝ ነኝ» ብሎ መማል ምንም አይጨምርም።

ቀጥሎ የሚይዙብህን ነገር ቀድመህ አንሳ። እዚህ ላይ መምህሬ ከአርስቶትል የሚቀድመው ሊስያስ ነው። አቴና ውስጥ ባለጉዳይ ራሱ ቆሞ ይናገር ስለነበር፣ እሱ በገንዘብ ንግግር እየጻፈ ይሰጥ ነበር፤ ያው የእኔው እንጀራ ነው። በስሙ ከደረሱን ንግግሮች አንዱ በቀን አንድ ኦቦል (ትንሽ የግሪክ ሳንቲም) ድጎማ የሚያገኝ የአንድ አካል ጉዳተኛ ሰው ንግግር ነው። ከሳሹ «ፈረስ ይጋልባል፣ ምን ጎድሎት!» አለ። ሰውዬው ፈረሱን አልካደም። ገንዘብ ቢኖረኝማ ምቹ ኮርቻ ያላት በቅሎ ላይ እቀመጥ ነበር እንጂ የሰው ፈረስ አልዋስም ነበር፣ አለ። ማስረጃው ወደ ከሳሹ ዞረ። ሻይ ሻጯም አዲስ ፍሪጅ ገዝታ ነበርና ዱቤ መሆኑን፣ በየወሩ የሚቆረጠውንም ሳይቀር ለአከራይዋ ጻፍንለት።

ቋንቋው የባለቤቱ ይሁን። ድሬ ላይ በአፍ ሁሉም «አንተ» ነው፣ ወረቀት ላይ «እርስዎ» ይበቃል፤ «ክቡርነትዎ»ን እየደረደርክ ገጹን አትጨርስ። ከዚያ ጮክ ብለህ አንብበው፤ ምላስህን የያዘውን ቃል ሰርዝ። መጨረሻ ላይ «ትብብር እንዲደረግልኝ» ብለህ አትተወው፤ ስንት ብር፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደምትከፍል ጻፍ፣ ከሥሩም ስልክህን።