ሞስ መሃል የሚበቅለውን ትንሽ የዱር እንጉዳይ፣ ላካሪያን፣ እንዴት መለየት ይቻላል

ክረምት ገብቶ ከሐዋሳ ወደ ወንዶ ገነት የሚወጣ ሰው በተተከለ ደን ውስጥ ድንጋዩና የዛፉ ሥር ሞስ ለብሶ ያገኘዋል፤ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ማለት ነው። እዚያ መሃል ብቅ የሚለውን ሁሉ «የጅብ ጥላ» ብሎ ማለፍ ያስተማምናል። ላካሪያ ላካታ ግን የሚበላ ነው፤ በብዙ አገሮች ከፓይንና ከባሕር ዛፍ ሥር ይገኛል። ክፋቱ፣ ጋለሪና የተባለው ገዳይ ትንሽ እንጉዳይም ሞስ ይወዳል። ስለዚህ ከሥራው ትልቁ ክፍል የሚጣለውን ማወቅ ነው።

መጀመሪያ ቀና ብለው ዛፉን ይዩ። ላካሪያ ከዛፍ ሥር ጋር ተጣምሮ ምግብ እየተለዋወጠ ይኖራል። ከፈረንጅ ጥድና ከግራቪሊያ ጋር አይጣመርም። ፓቱላ የተባለው የፓይን ዓይነት ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ ይንጠለጠላል። የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ደግሞ ቅርፊት የሚመስል፣ ደቃቅ ነው። በአካባቢው ፓይንም ባሕር ዛፍም ከሌለ ይለፉት።

ቀጥሎ ሞሱን በጣት ገለጥ ያድርጉ። ጋለሪና በአብዛኛው የሚበቅለው ከበሰበሰ እንጨት ላይ ነው፤ ሞስ የሸፈነው ጉቶ ደግሞ መሬት ይመስላል። እግሩ ከእንጨት ከተነሳ አይንኩት። ከአፈር ከሆነ በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ቆፍረው ከነሥሩ ያውጡት። ከላይ የተቆረጠ እንጉዳይ ግማሽ መረጃው መሬት ውስጥ ቀርቷል።

አሁን እጅዎ ላይ ያለውን ይመርምሩ። ባርኔጣው ከ1.5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። እርጥብ ሲሆን የሸክላ ቀለም አለው፣ ሲደርቅ ይገረጣል፤ ጀማሪ ሁለት ዓይነት ያገኘ የሚመስለው ለዚህ ነው። ቀለሙ የማያታልለው ከሥር ነው፦ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ክፍሎች ወፈር ያሉ፣ ተራርቀው የቆሙና ሥጋ መሳይ ሮዝ ናቸው፤ ሲያረጅ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። እግሩ ክር የበዛበትና ጠንካራ ነው፤ ሲጠመዝዙት ቶሎ አይሰበርም። ቀለበት ያለው ላካሪያ የለም። ጋለሪና ግን እግሩ ላይ ስስ ቀለበት ሊኖረው ይችላል፤ ቀለበቱ በዝናብ ስለሚረግፍ አለመኖሩ ብቻውን ነጻ አያወጣውም።

ፍርዱን የሚሰጠው የዱቄት አሻራ ነው፤ ከባርኔጣው ገጾች የሚረግፈው የዘር ዱቄት ወረቀት ላይ የሚተወው ቀለም ማለት ነው። ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር የሆነ ወረቀት ያዘጋጁ፤ የባርኔጣውን ገጾች ወደ ታች አድርገው በሁለቱ ቀለሞች መጋጠሚያ ላይ ያኑሩት፤ ላዩ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርገው በብርጭቆ ይድፉበትና ያሳድሩት። ካልደፉበት ነፋስ ዱቄቱን ይበትነዋል፤ ባርኔጣው ከደረቀ ደግሞ ምንም አይጥልም። የላካሪያ አሻራ ነጭ ነው፣ በጥቁሩ ወረቀት ላይ ጎልቶ ይታያል። የዝገት ወይም የቡና ቀለም ከወጣ ጋለሪና ወይም ኮርቲናሪየስና ኢኖሳይቤ ከተባሉት ሌሎች እንጉዳዮች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም ይጣሉ።

ነጭ መውጣቱ ግን ብቻውን አይበቃም። ሌፒዮታ የተባሉት ገዳይ ትናንሽ እንጉዳዮችም ነጭ አሻራ አላቸው፤ እነሱ ባርኔጣቸው ላይ ቅርፊት አለ፣ ገጾቻቸውም እግሩን አይነኩም። ሚሴና ፑራ የተባለው መርዛማ እንጉዳይም ሮዝ ነው፣ አሻራውም ነጭ ነው፤ እሱ ሲፈጭ ራዲሽ የተባለውን አትክልት ይሸታል፣ እግሩም ባዶና በቀላሉ የሚሰበር ነው።

ጉሬዛ ወይም ትል የበላው ለሰው ይሆናል የሚለውን አይመኑ፤ ሽንኩርት አብሮ ቀቅሎ መጥቆሩን ማየትም ከንቱ ነው። ማብሰልም የጋለሪናን መርዝ አያጠፋም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለዩ እንጉዳይ በዓይኑ የሚያውቅ ባለሙያ ሳያየው ወደ ድስት አይግባ።

የተረጋገጠውን በዘንቢል ይያዙ፤ ፌስታል ውስጥ በሐዋሳ ሙቀት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይላቁጣል። መንገድ ዳርና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ የበቀለውን አይልቀሙ፤ የላካሪያ ላካታ ዘመድ የሆነው ሐምራዊው ላካሪያ አሜቲስቲና አርሴኒክ የተባለውን መርዝ ከአፈር በመሳብ ይታወቃል። እግሩ ለማኘክ ስለሚያስቸግር ባርኔጣውን ብቻ በሽንኩርትና በዘይት ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጥበሱት። ጣዕሙ ለስላሳ ነው፣ በርበሬ ካበዙበት ይጠፋል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ባርኔጣ ብቻ ይቅመሱ፤ ለሕፃን አይስጡ፤ ምናልባት ቢታመሙ ለሐኪም እንዲያሳዩት ሁለት ጥሬ እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልለው ፍሪጅ ያስቀምጡ።

ከበሉ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ትውከትና ተቅማጥ ከጀመረ፣ በማግሥቱ ቢተውም እንኳ ጥሬውን ይዘው ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ። የጋለሪና መርዝ ተሽሎኛል ባሉበት ጊዜ ጉበት ላይ ሥራውን እየቀጠለ ነው።