ሩጫና ክብደት ማንሳት በአንድ ሳምንት እንዴት ይታረቃሉ? ለድሬና ለሐረር ሰው

የድሬ ልጅ ነኝና አንቱታ አይሆንልኝም። «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አንቺም ብትሆኚ ያው ነው።

መጀመሪያ ቀኖቹን ቁጠር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ነው። እኔ ሁለት ቀን ክብደት፣ ሦስት ቀን ሩጫ፣ ሁለት ቀን እረፍት አድርጌዋለሁ። ውድድር ከሌለብህ ከዚህ በላይ አትጨምር።

ሰዓት ምረጥ። ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ መሮጥ ራስን መቅጣት ነው፤ ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ተገኝ። ሐረር ከሆንክ ሙቀቱ አያሳስብህም፣ ዳገቱ እንጂ።

ዕቃ? ለመጀመሪያዎቹ ወራት የጂም ክፍያ አያስፈልግህም። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ስኳቱን (ቁጭ ብድጉን) ስትጨርስ ትታጠብበታለህ። ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው በብረት ቧንቧ የሚያያይዙትም ጥሩ ነው፣ ሁለቱ ጫፎች እኩል መመዘናቸውን ካረጋገጥክ። ፑሽ አፕ እንዴት እንደሚሠራ አልነግርህም።

ዋናው ጣጣ የእግር ቀን የት ይቀመጥ የሚለው ነው። እኔ ማታ ከባድ ስኳት ሠርቼ በማግስቱ ማለዳ ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ በፍጥነት እሮጥ ነበር። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ! በሦስተኛው ሳምንት ከባጃጅ ስወርድ ብረቱን ይዤ፣ እንደ ሽማግሌ «እህ» እያልኩ ሆነ። ጉልበቴ ለሁለት ወር አላሠራኝም። (ደቻቱ ካልኩ አይቀር፦ በክረምት እዚያ አትሩጥ። ድሬ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ ዘንቦ ጎርፍ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ሌሊት የሆነውን ከተማው አይረሳውም።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባድ የእግር ሥራ የሚያመጣው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚበረታው በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው። በዚያ ላይ የፍጥነት ሩጫ ስትደርብበት የደከመው ጡንቻ መሸከም ያልቻለውን ጉልበትህ ይሸከማል። ጥንካሬውም ይጎዳል። ተመራማሪው ሮበርት ሂክሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት ለ10 ሳምንት ክብደትና ከባድ የጽናት ልምምድ (ሩጫና ብስክሌት) አብረው የሠሩት ሰዎች የእግር ጥንካሬያቸው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ ካደገ በኋላ ቆሞ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ታች ወረደ። እነሱ ግን ክብደቱን በሳምንት አምስት ቀን፣ ጽናቱን ስድስት ቀን ነበር የሚሠሩት። በእኔና በአንተ መጠን ከሆነ ሩጫ ጡንቻ አይበላም፤ የጂም ልጆች ይህን ወሬ ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ሰኞ እግርን በከባዱ ሥራ። ማክሰኞ ሶምሶማ ብቻ፣ 30 ደቂቃ፣ ከጓደኛህ ጋር እያወራህ፤ ወሬው ከተቆራረጠ ፈጥነሃል ማለት ነው። ረቡዕ እረፍ። ሐሙስ ጠዋት የፍጥነቱን ሩጫ፣ አርብ ደረት፣ ጀርባና ትከሻ፤ እግር አትንካ። ቅዳሜ ረጅሙ ሩጫ፣ አንድ ሰዓት ያህል በዝግታ። እሁድ ተኛ። የግድ ሁለቱን በአንድ ቀን ካደረግክ ጠዋትና ማታ ለያያቸው፤ ካልተቻለ ጥንካሬ የምትፈልግ ክብደቱን አስቀድም።

በርጫ ላይ የዋልክበት ቀን ግን ልምምድ የለም። ጫት የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ በምርቃና የሚነሳ ክብደት ቀላል የሚመስለው ለአንተ ብቻ ነው። ምግብና እንቅልፍም ይቀማሃል፣ ጡንቻ ደግሞ ያለ ሁለቱ አይጠገንም።

ጠዋት ተነስተህ ደረጃ መውረድ ካመመህም ያን ቀን ሩጫ የለም፤ ሳቢያን ድረስ በእግርህ ሂድና ተመለስ።