ለወሎ መንገድ መኪናን ዝቅ ማድረግ፦ ሞላና ሾክ እንዴት ይመረጣል?

ቪትዝ ወይም ኮሮላ ትንሽ ዝቅ ስትል ታምራለች። ጥምዝ ላይም ረጋ ትላለች። ግን ያቺው መኪና ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ሰኞ ባቲ ገበያ ትወርዳለች። ሠርግ ሲኖር አምስት ሰው ይዛ ወልድያ ትገባለች። ይህ ጽሑፍ እንዲህ በየቀኑ ለምትሠራ መኪና ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ወሎ ውስጥ ለዕለት ሥራ የምትውል መኪና ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ ባትል ይሻላል። እሱም ቢሆን ሞላው (መኪናዋን የሚሸከመው ጥምዝምዝ ብረት) እና ሾኩ (የሞላውን መንጠር የሚገታው ቱቦ) አብረው ሲመረጡ ነው። ወሳኙ ነገር ጎማው ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲመታ ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ነው። ያ ቦታ ካለቀ ውድ ዕቃ ብትገዙም አያድናችሁም።

1. ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

የጎማውን ንፋስ አስተካክሉ። ከዚያ ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። ደሴ ተዳፋት ስለሚበዛባት የነዳጅ ማደያ ግቢ ጥሩ ነው። ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብላችሁ ከጎማው በላይ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ለኩ፤ አራቱንም ጎማ ለየብቻ ጻፉ። ከመሬት ተነስታችሁ ብትለኩ የጎማ ንፋስና የጎማ ቁጥር ልኩን ያዛባዋል። ከቸርኬው መሃል ስትለኩ ግን የምታዩት የሞላውን ሁኔታ ነው።

ግራና ቀኙ በ1 ሴንቲሜትር ከተለያየ፣ ወይም መኪናዋ ከኋላ ተቀምጣ ከታየቻችሁ፣ አንዱ ሞላ ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ብዙ ዓመት የሠራ ሞላ ቀስ በቀስ ይወርዳል። «3 ሴንቲሜትር ዝቅ ያደርጋል» ተብሎ የሚሸጥ ሞላ የሚቆጥረው ከአዲስ የፋብሪካ ቁመት ነው። ስለዚህ የደከመ ሞላ ላይ ሆናችሁ አጭር ሞላ ብትገዙ ለውጡ ከጠበቃችሁት ያንሳል። አንዳንዴም አዲስ የፋብሪካ ሞላና አዲስ ሾክ ብቻ አስገብታችሁ የምትፈልጉትን መረጋጋት ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሳይሞክር ገንዘቡን ያወጣል፤ ያሳዝነኛል።

ከሥርም ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ዝቅተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ የማርሚታው ቱቦ ወይም ሞተሩን ከሥር የሚሸፍነው ሰሌዳ ነው። ከመሬት ያለውን ርቀት ጻፉና በየቀኑ ከምታልፉበት ብሬከር ጋር አስተያዩት።

2. የሚቀረውን ቦታ እወቁ

የሾኩ ዘንግ ላይ ወፈር ያለ ላስቲክ አለ። ሾኩ እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚያስቆመው እሱ ነው። በዚህ ላስቲክና በሾኩ ቱቦ አናት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው ሀብታችሁ።

መለኪያው ቀላል ነው። የኋላ ሾክ ላይ የአቧራ መከላከያውን ወደ ላይ ሰብስቡ። ትንሽ የፕላስቲክ ማሰሪያ ዘንጉ ላይ እሰሩና እስከ ሾኩ ቱቦ አናት ድረስ ዝቅ አድርጉት። ቤተሰቡን ሁሉ ጫኑ፤ የተለመደውን ዕቃም ጨምሩ። ከዚያ የምታውቁትን መጥፎ መንገድ ሄዳችሁ ተመለሱ። ማሰሪያው ሾኩ እስከተጨመቀበት ድረስ ተገፍቶ እዚያው ይቀራል። ከእሱ በላይ እስከ ላስቲኩ ያለው ቦታ ገና ያልተነካ ትርፍ ነው። ማሰሪያው ላስቲኩን ከነካ ግን በፋብሪካው ቁመት እንኳን ቦታው አልቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለችውን መኪና ዝቅ አታድርጓት።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ መኪናዋ ባዶ ስትሆን ከኋላ 70 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ አላት እንበል። የእያንዳንዱ ሞላ ጥንካሬ 2.5 ኪሎ በሚሊሜትር ነው፤ 1 ሚሊሜትር ለመውረድ 2.5 ኪሎ ጭነት ይፈልጋል ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ 5 ይሆናሉ። ከኋላ ሦስት ሰውና ዕቃ ተጭኖ 200 ኪሎ ቢያርፍባቸው መኪናዋ 40 ሚሊሜትር ትወርዳለች። 30 ይቀራታል።

አሁን 40 ሚሊሜትር ዝቅ የሚያደርግና በ20 በመቶ የጠነከረ ሞላ እናስገባ። ባዶ ሳለች የሚቀራት ቦታ 30 ሚሊሜትር ብቻ ነው። 200 ኪሎው ሲጫን ደግሞ 33 ሚሊሜትር መውረድ ትፈልጋለች። ገና ከሰፈር ሳትወጣ ላስቲኩ ላይ ተቀምጣለች! ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጉድጓድ በቀጥታ ወደ ሻንሲውና ወደ ተሳፋሪው ወገብ ይገባል። በዚያው ሞላ 20 ሚሊሜትር ብቻ ብትቀንሱ ግን ተጭናም 17 ሚሊሜትር ይተርፋታል። ብዙ አይደለም፤ ግን ያ ነው ልዩነቱ። የራሳችሁን ልክ አስገብታችሁ ይህንኑ ስሌት ሥሩ።

3. ሞላውን ምረጡ

አጭር ሞላ ከፋብሪካው ሞላ መጠንከር አለበት፤ የቀረው ቦታ ትንሽ ነውና። አጭር ሆኖ የማይጠነክር ሞላ አትግዙ። ለዕለት መኪና ከ15 እስከ 25 በመቶ ጭማሪ የሚበቃ ይመስለኛል። ከዚያ ካለፈ ኮብልስቶን ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ከላይ እስከ ታች እኩል የሚጠነክር ነው። ሌላው በአንድ ጫፍ ጠመዝማዛው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ባዶ ስትሄዱ ይለሰልሳል፣ ጭነት ሲመጣ ጥቅጥቁ ክፍል ይዘጋና ሞላው ይጠነክራል። አንድ ቀን ብቻዋን፣ አንድ ቀን ሙሉ ለምትሄድ መኪና ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ስም ብቻ ጠርታችሁ አትግዙ። ቪትዝ በፈረንጆቹ 1999፣ 2005 እና 2010 አዲስ ሞዴል ሆና ወጥታለች። የሁሉም ስም አንድ ነው፤ ሞላቸው ግን አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው ዘንድ፣ ሰው ስትልኩ የሻንሲውን ቁጥር ጽፋችሁ ስጡት። ያገለገለ ሞላ ከሆነ ዝገቱን ጠርጉና ስንጥቅ እንደሌለው እዩ።

ሞላ በእሳት አሙቆ ማውረድ የሚባለውን ነገር ጨርሶ አትቀበሉ። ብረቱ ጥንካሬውን የሚያገኘው በፋብሪካ ከሚደረግለት የሙቀት ሥራ ነው። እሳት ሲነካው ያን ያጣል፤ ይወርዳል ወይም ይሰበራል። መቁረጥም አይመከርም፤ ብዙ ጊዜ የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሞላ ከቦታው ቢወጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። መኪናዋ ውስጥ ያለው የሰው ልጅ ነው።

4. ሾኩ የሞላው ጓደኛ ነው

መኪናዋን የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተሩ፣ ማለትም ሾኩ፣ የሞላውን መንጠር ይገታል። ሞላው ሲጠነክር ሾኩም ትንሽ መጠንከር አለበት፤ በ20 በመቶ ለጠነከረ ሞላ ሾኩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በደከመ ሾክ ላይ አዲስ ሞላ መግጠም መኪናዋን ያስዘልላል፣ ሾኩንም ቶሎ ይጨርሳል። ብር ለአንዱ ብቻ ከደረሰ ሾኩን ቀይሩ፤ ሞላው ይቆይ።

ቁመቱንም ጠይቁ። ለአጭር ሞላ ተብሎ የተሠራ አጭር ሾክ አለ። ቢልስታይን የተባለው የሾክ አምራች ለምሳሌ ቢ6 የሚለውን ለፋብሪካ ቁመት፣ ቢ8 የሚለውን ለአጭር ሞላ ነው የሚሠራው። የፋብሪካ ሾክ ላይ በጣም አጭር ሞላ ከተገጠመ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሞላው ይላላል፣ መቀመጫውንም ሊስት ይችላል። ከተገጠመ በኋላ በክሪክ አንሱና ሞላውን በእጅ አዙሩት። የሚዞር ከሆነ ሥራው አልተሠራም።

በአሠራር ሾክ ባለ አንድ ቱቦና ባለ ሁለት ቱቦ ይባላል። ባለ አንዱ ሙቀትን ቶሎ ያስወጣል፤ ረጅም ኮረኮንች ላይ ቶሎ አይደክምም። ነገር ግን ፒስተኑ የሚንሸራተተው በውጭው ቱቦ ውስጥ ነው። ድንጋይ ተፈናጥሮ ቱቦውን ከጎረበጠው ይበላሻል። ባለ ሁለቱ የውጭ ቱቦው ቢጎረብጥም የውስጡ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ዋጋውም ይቀላል። ከአስፋልት ወጥታችሁ ወደ ገጠር የምትመላለሱ ከሆነ ጥሩ ባለ ሁለት ቱቦ የጋዝ ሾክ ይበቃችኋል። ካያባ የተባለው አምራች ሁለቱንም ዓይነት ይሠራል።

5. ብራቾውን እዩ

ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጥምዙም ብዙ ነው። እዚያ ላይ ዝቅ ያለች መኪና ትሻላለች ብሎ ማሰብ ትክክል ነው፣ ግን እስከ ልክ ድረስ። የፊቱን የታችኛው ብራቾ፣ ማለትም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ክንድ፣ ከፊት ሆናችሁ እዩት። ከሻንሲው ወደ ጎማው ሲሄድ አግድም ወይም ትንሽ ወደ ታች ካዘቀዘቀ ጥሩ ነው። ወደ ጎማው ሽቅብ ከወጣ መኪናዋ ከልክ በላይ ወርዳለች፤ በጥምዝ ላይ መጋደሏ ይብሳል፣ መሪዋም ጉብታ ላይ ይጎትታል።

6. ሲገጠም

ሞላም ሾክም በጥንድ ይቀየራል። የሞላ መጭመቂያ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ አይንካ፤ የተጨመቀ ሞላ ሰው ይገድላል። የሾኩን የላይኛ ኩሽኔታና የማቆሚያውን ላስቲክም አብራችሁ ቀይሩ።

መካኒኩን አንድ ነገር ለምኑት፦ «የብራቾውን ብሎኖች መጨረሻ ላይ፣ መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ አጥብቅልኝ።» በክሪክ ተንጠልጥላ ከጠበቁ ጎሚኒው (የብራቾው መጋጠሚያ ላስቲክ) መኪናዋ ስትወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ሞላው ተረጋግቶ ይቀመጣል። በመጀመሪያ የጻፋችሁትን ልክ አውጡና እንደገና ለኩ። ከዚያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠሩ፤ ሳይሠራ ከቆየ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ያልቃል። የፊት መብራቱንም ያን ዕለት አስተካክሉ። መኪናዋ ከፊት ይበልጥ ወርዳ ከሆነ መብራቱ ቅርብ መሬት ላይ ይቀራል። ከኋላ ይበልጥ ከወረደች ደግሞ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል።