ለመጀመሪያ ጊዜ ቨርቹዋል ቴብልቶፕ ለሚያዘጋጅ የጨዋታ መሪ

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ታትሞ ከወጣ ጀምሮ የሚና ጨዋታ በአመዛኙ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄድ ነበር፤ አንዱ ሰው የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙንና ጠላቶቹን ይይዛል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይጫወታሉ፣ አጠራጣሪ የሆነው ነገር ሁሉ ቁጥር በተጻፈባቸው የሚጣሉ ጠጠሮች፣ በዳይስ፣ ይለያል። ቨርቹዋል ቴብልቶፕ የሚባለው ሶፍትዌር ካርታውን፣ የገጸ ባሕርያቱን ቦታ የሚያሳዩትን ቶከኖች፣ ዳይሱንና የገጸ ባሕርይ መግለጫውን በአንድ ስክሪን ላይ አሰባስቦ፣ በተለያየ ከተማ ያሉ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ እንዲያዩዋቸው ያደርጋል። ታሪኩን የሚተርከውና ሕጉን የሚዳኘው ግን አሁንም ሰው ነው፤ ቪዲዮ ጌም ጠብቆ የሚገባ ሰው ቅር መሰኘቱ አይቀርም።

ሶፍትዌሮቹ ብዙ ቢሆኑም ጀማሪ ሦስቱን ቢያውቅ ይበቃዋል። አውልቤር ሮዲዮ በብራውዘር የሚከፈት፣ ከካርታ፣ ከቶከን፣ ከዳይስና ካርታውን ከሚሸፍነው ጉም ብዙም የማያልፍ ቀላል መሣሪያ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ አካውንት ሳይከፍቱ በሊንክ ብቻ ይገቡበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ሮል20ም በብራውዘር ይሠራል፤ በነጻ አካውንት ረጅም ዘመቻ (በብዙ ቀጠሮ የሚቀጥል አንድ ታሪክ) ማካሄድ ይቻላል፣ የገጸ ባሕርይ መግለጫውም ጭማሪና ቅናሹን ራሱ አስልቶ ዳይሱን ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፋውንድሪ ከሁለቱም የበለጠ አቅም አለው፤ ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚገዛ ከመሆኑም በላይ ጨዋታው የሚስተናገደው በመሪው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ፣ ሌሎቹ እንዲገቡ ራውተሩ ላይ 30000 ቁጥር ፖርትን (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት የሚገባበትን በር) መክፈት ያስፈልጋል። የኢንተርኔት አቅራቢው ለቤቱ የራሱ የሆነ የሕዝብ አይፒ አድራሻ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት ቁጥር) የማይሰጥ ከሆነ ይህም አይሠራምና ሰርቨር መከራየት ይመጣል። ፈቃዱን መግዛት የሚጠበቅበት መሪው ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ያሉ ጓደኛሞች ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ያለውን ውጭ አገር የሚኖር ጓደኛቸውን መሪ ቢያደርጉ ነገሩ ይቀላል። በእኔ አስተያየት ግን ፋውንድሪ የመጀመሪያ ወር ጉዳይ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው በሮል20 ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሐሳቡን የያዘ ሰው በሌሎቹም አይቸገርም።

አካውንት ከፍተው አዲስ ጨዋታ ሲፈጥሩ የሚጫወቱበትን ሕግ የገጸ ባሕርይ መግለጫ እንዲመርጡ ይጠየቃሉ። መጽሐፍ ያልገዛ ቡድን እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ የተለቀቀውን የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም መሠረታዊ ሕግ መጠቀም ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው ካርታ ነው፣ አብዛኛው ጀማሪም የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ካርታ ብዙውን ጊዜ የራሱ ካሬዎች ተስለውበት ይመጣል፤ ሶፍትዌሩም የራሱ ካሬዎች ስላሉት፣ ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ቶከኑ ግድግዳ ላይ የቆመ ይመስላል። መፍትሔው ካርታውን በዓይን ግምት መጎተት ሳይሆን በምስሉ ላይ ያሉትን ካሬዎች በወርድና በቁመት መቁጠር ነው። ካርታው በወርድ 20፣ በቁመት 15 ካሬ ካለው፣ ካርታው የሚቀመጥበትን ገጽ ስፋት 20 በ15 አድርገው የምስሉንም መጠን በዚያው ልክ ይስጡት። በሮል20 አንድ ካሬ እንደተለመደው 70 ፒክስል ስለሆነ፣ 1400 በ1050 ፒክስል የሆነ ምስል ለዚህ ገጽ በቂ ነው። ከዚህ እጅግ የገዘፈ ምስል መጫን ጥቅሙ ትንሽ ሲሆን ጉዳቱ ግን ግልጽ ነው፤ ምስሉን እያንዳንዱ ተጫዋች በየራሱ ኢንተርኔት ማውረድ አለበትና፣ በሞባይል ዳታ የሚጫወት ሰው ሌሎቹ ውጊያ ሲጀምሩ እሱ ባዶ ገጽ እያየ ይቀመጣል።

ካርታው ከተስተካከለ በኋላ ሌየር የሚባለውን ነገር በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የመሪው ምስጢር የሚጠበቀውም የሚወጣውም በዚህ ነው። ሌየሮቹ አንዱ በሌላው ላይ የተነጠፉ ሲሆኑ፣ ለጊዜው ሦስቱ ይበቃሉ፦ የካርታው ሌየር፣ የቶከኑ ሌየርና መሪው ብቻ የሚያየው ሌየር። ካርታውን በቶከኑ ሌየር ላይ ትተው ከጀመሩ፣ ቶከን ለማንቀሳቀስ በሞከሩ ቁጥር ምድሩ ሁሉ ተነቅሎ ይከተልዎታል። አድፍጦ የሚጠብቀውን ጎብሊን (ትንሽ ጭራቅ) በመሪው ሌየር ላይ ያስቀምጡትና፣ ተጫዋቾቹ ሲደርሱበት በቀኝ ክሊክ ወደ ቶከኑ ሌየር ያዛውሩት፤ ያን ጊዜ በሁሉም ስክሪን ላይ ብቅ ይላል። ያልተደረሰባቸውን ክፍሎች ደግሞ በጉም ሸፍነው አንድ በአንድ መግለጥ ይቻላል።

ቶከኖቹን በተመለከተ በብዙ መመሪያ ላይ በቂ ትኩረት የማይሰጠው አንድ ነገር አለ። የተጫዋቹ ቶከን የእሱን ገጸ ባሕርይ እንዲወክል ይደረጋል፣ ቶከኑን የማንቀሳቀስ መብትም ለዚያ ተጫዋች ይሰጣል፣ ከቶከኑ በላይ ያለው የሕይወት ነጥብ መስመርም ከመግለጫው ጋር ይያያዛል። ለጠላቶች ግን ይህ መያያዝ መቅረት አለበት። አራት ጎብሊኖች በአንድ መግለጫ ላይ ተያይዘው ከሆነ፣ እያንዳንዳቸው 7 የሕይወት ነጥብ ሊኖራቸው ሲገባ ሁሉም የሚጋሩት አንድ ቁጥር ይሆናልና፣ አንዱ ሲመታ አራቱም ይቆስላሉ። የጠላቱን መስመር ሳያያይዙ ቁጥሩን በእጅ ጽፈው፣ ከዚያ ቶከኑን ኮፒ ማድረግ ነው።

ዳይስ ለመጣል ከመግለጫው ላይ የሚፈለገውን ችሎታ ስም መጫን ይበቃል። በቻት ሳጥኑ መጣል የሚፈልግ ሰው ደግሞ እዝባር፣ የእንግሊዝኛውን «አር» ፊደል፣ ከዚያም አንድ ክፍት ቦታ ትቶ የዳይሱን ብዛት፣ «ዲ» ፊደልንና ዳይሱ ያለውን የጎን ብዛት ይጽፋል፤ ለምሳሌ /r 1d20። ሙዚቃ፣ የሚንቀሳቀስ ብርሃንና ማክሮ የሚባለው የትእዛዝ አቋራጭ ሁሉም አሉ፤ ሁሉም ይቆዩ።

ሰው ከመጋበዝዎ በፊት ግን በቅንብሩ ውስጥ እንደ ተጫዋች ተመልሶ የመግቢያውን ምርጫ ተጭነው ገጹን በተጫዋች ዓይን ይዩት። የተደበቀው ነገር በርግጥ መደበቁን የሚያረጋግጥ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። የተጫዋቾች ምልክት የተቀመጠበትን ገጽም ያረጋግጡ፤ መሪው ዋሻውን እያየ ሲተርክ ሌሎቹ አሁንም ገበያው ገጽ ላይ ሊሆኑ ይችላሉና። ካርታው ላይ አንድን ቦታ ለማሳየት ማውሱን ተጭኖ መያዝ ምልክት ያወጣል፣ መሪው ሺፍትን ጨምሮ ሲይዝ ደግሞ የሁሉም እይታ ወደዚያ ይሳባል።

ድምፁን በሶፍትዌሩ ከመጠቀም ለብቻው ዲስኮርድ በተባለው የድምፅና የጽሑፍ መገናኛ መተግበሪያ ማድረግን እመርጣለሁ፤ ካርታው ቢንቀራፈፍ ንግግሩ አይቋረጥም፣ ደካማ መስመር ያለውም ሰው ቪዲዮውን ዘግቶ መቀጠል ይችላል። ማዳመጫ የሌለው ተጫዋች ማይኩን ሲናገር ብቻ ይክፈት፣ አለበለዚያ የሌሎቹ ድምፅ ተመልሶ ይጮኻል።

አዲስ አበባና ዋሽንግተን ያሉ አባላትን የያዘ ቡድን ሰዓቱን በጽሑፍ ይወስን። የአዲስ አበባ ምሽት 3 ሰዓት በዋሽንግተን በበጋቸው ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን፣ እዚያ ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰበት፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር መጀመሪያ ገደማ በኋላ 7 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ላይ ውጭ ያደገው ተጫዋች «3 ሰዓት» ሲባል በፈረንጅ አቆጣጠር ሊረዳው ይችላል። ዲስኮርድ ላይ ሰዓትን በልዩ አጻጻፍ ሲያስቀምጡት ለእያንዳንዱ አንባቢ ባለበት አገር ሰዓት ይታየዋል።

ለመጀመሪያው ቀን አንድ ካርታ፣ አንድ ውጊያና ሦስት ወይም አራት ተጫዋቾች በቂ ናቸው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሁሉም መግባቱን፣ ቶከኑን ማንቀሳቀሱንና አንድ ዳይስ መጣሉን ለማየት ይመድቡት፤ ታሪኩን ከዚያ በኋላ ይጀምሩ። የክፍያ ደንበኝነት፣ የተዘጋጁ ጀብዱዎችና ያሸበረቁ ቶከኖች ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ በየገጹ ይቀርቡልዎታል፤ ቡድኑ ተመልሶ መምጣቱን ሳያዩ አንዱንም አይግዙ።