ታጣፊ ምላጭ ሲጎትት፣ ሲያቃጥልና ሲቆርጥ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ታጣፊ ምላጭ አልላጭ ሲል የጀማሪ እጅ ወዲያው ጫን ማለት ያምረዋል። ከዚህ በታች ከተጠቀሱት ችግሮች አንዱም በጫና አይፈታም፤ ቀላሉን መጎተት ወደ ቁስል የሚቀይረው ይኸው ጫና ነው። ምላጩ ከራሱ ክብደት በላይ ምንም አይፈልግም። ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽ እጃችሁን አንሱና በቅደም ተከተል ፈትሹ፤ መጀመሪያ የያዛችሁበትን ማዕዘን፣ ቀጥሎ የቆዳውን መወጠር፣ ከዚያ አረፋውን፣ በመጨረሻም ስለቱን።

ምላጩ ፀጉሩን ይጎትታል

የሚጎትትበት ቦታና ጊዜ መንስኤውን ይናገራል። የጉንጭ ፀጉር ከአገጩ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ምላጩ እዚያም ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚጎትት ከሆነና ማዕዘኑ ትክክል ከሆነ፣ ስለቱ ደንዟል። ጉንጩን በደህና ላጭቶ አገጭ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚጎትት ከሆነ ግን ጥፋቱ የምላጩ አይደለም፤ ወፍራሙ ፀጉር በደንብ አልራሰም። ፊትን በሳሙና ታጥቦ፣ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ማሳረፍ ብዙ ይለውጣል። ጥሩ ጀምሮ እየቆየ የሚጎትት ከሆነ ደግሞ አረፋው ደርቋል። ብሩሹን አርጥባችሁ እንደገና ቀቡ፤ በደረቀ አረፋ ላይ አንድ ጊዜም ቢሆን አትቀጥሉ።

ስለቱ ደነዘ ማለት ወዲያው የመሳያ ድንጋይ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ምላጩን በማለስለሻው ቆዳ (ስለቱ በሚለሰልስበት ረጅም የቆዳ ጠፍር) ላይ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ማመላለስ ይገባል። እዚህ ላይ የምላጩ ጀርባ፣ ማለትም ከስለቱ ተቃራኒ ያለው ወፍራም ጠርዝ፣ ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚገለበጠው በጀርባው ዞሮ ነው። በስለቱ በኩል የገለበጠ ሰው ጠፍሩንም ስለቱንም ያበላሻል። ጠፍሩ መወጠር አለበት፤ ከረገበ በስለቱ ላይ ተጠምዝዞ ያደነዝዘዋል። ፍጥነት ምንም አይጨምርም፤ ቀስ ብሎ ጀርባውንም ስለቱንም ከጠፍሩ ሳያነሱ መሄድ ብቻ በቂ ነው።

ይህን በትክክል ሠርታችሁም መጎተቱ ካልቀረ፣ ያኔ የድንጋይ ተራ ነው። በድንጋይ ላይ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ስለቱ ይቀድማል። የድንጋዩ ቁጥር ሲጨምር ድንጋዩ ይለሰልሳል፤ 1000 ቁጥር ድንጋይ ስለቱን ያወጣል፣ 8000ና ከዚያ በላይ ያለው ያለሰልሰዋል። የመጀመሪያውን መሳል ለሚያውቅ ሰው መስጠት ይሻላል፤ ጀማሪ ጥሩ ስለት ምን እንደሚመስል በፊቱ ካላወቀ የራሱን ሥራ መመዘን አይችልም። አዲስ ምላጭ ሁሉ ለመላጨት ዝግጁ ሆኖ እንደማይሸጥም አትርሱ።

ከተላጩ በኋላ ያቃጥላል፣ ይቀላል

ዋናው ተጠርጣሪ ማዕዘኑ ነው። ምላጩ ከቆዳው በጣም ተነስቶ ሲቆም ፀጉር መቁረጡን ትቶ ቆዳ ይፍቃል። ምላጩን ጉንጫችሁ ላይ ጠፍጣፋውን አስተኙት፤ ከዚያ በጀርባውና በቆዳው መካከል ከአንድ እስከ ሁለት የጀርባው ውፍረት የሚያህል ክፍተት እስኪፈጠር አንሱት። ይህ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። በጣም ሲተኛ ደግሞ መጎተት ይጀምራል።

ሁለተኛው መንስኤ አቅጣጫ ነው። ፊታችሁ ደረቅ ሳለ በጣታችሁ ዳብሱት፤ የሚለሰልስበት በኩል ፀጉሩ የሚያድግበት ነው። አንገት ላይ ብዙ ጊዜ አቅጣጫው ስለሚቀያየር ግራና ቀኙን ለየብቻ ፈትሹ። በመጀመሪያው ዙር ፀጉሩን ተከትላችሁ፣ በሁለተኛው አግድም ላጩ። ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ መላጨቱ እጃችሁ እስኪረጋጋ ይቆይ። ፀጉራችሁ ጥቅልል ከሆነና ከቀናት በኋላ ብጉር የሚወጣባችሁ ከሆነ፣ ጫፉ ወደ ቆዳ ተመልሶ እየገባ ነው። እንዲህ ላለ ፊት ፈጽሞ በተቃራኒ አለመላጨት፣ ጥቂት ሻካራነት መተውም ይበጃል።

ይቆርጣል

ቀጭንና ረዘም ያለ ቁስል ምላጩ ወደ ጎን መንሸራተቱን ያሳያል። ስለት ቆዳ የሚሰነጥቀው በዚህ እንቅስቃሴ ነው፤ ምላጩ ምንጊዜም ከስለቱ አንጻር ቀጥ ብሎ ይሂድ፣ አቅጣጫ ለመቀየር መጀመሪያ ይነሳ። ነጠብጣብ የመሰሉ ትናንሽ የደም ምልክቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የረገበ ቆዳ ውጤት ናቸው። በነፃው እጃችሁ ቆዳውን ወጥሩ፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ እያስኬዱ ላጩ። የመንጋጋ ጠርዝ ሲያስቸግር ቆዳውን ወደ ጉንጭ ስቡት፤ ከአጥንቱ በታች የነበረው ወደ ሜዳው ይመጣል። ለላይኛው ከንፈር ደግሞ ከንፈሩን በጥርስ ላይ ወደ ታች መሳብ ይበቃል። ጣቶቻችሁ ከረጠቡ ቆዳው ያመልጣል፤ አድርቋቸው።

ደም ከወጣ በቀዝቃዛ ውኃ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ተጫኑት። ምላጭን ከሌላ ሰው ጋር መጋራት ፈጽሞ አይገባም፤ ሄፓታይተስ ቢና ሲ በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉንጭ ብቻ በታጣፊው ይላጭ፣ ቀሪው በለመዳችሁት ምላጭ ይጠናቀቅ። ችኮላ የለም።

ስለቱ ላይ ጥቁር ነጥቦች ታዩ

ዝገት ነው። የካርቦን ብረት ውኃ አይወድም። ከተላጫችሁ በኋላ አጥባችሁ አድርቁት፣ ወደ እጀታው ከመታጠፉ በፊት እርጥበቱ እንዲወጣ ጥቂት ክፍት ይቆይ፤ ለብዙ ቀን የማትጠቀሙበት ከሆነ ስስ ዘይት ቀቡት፣ መታጠቢያ ክፍል ውስጥም አታስቀምጡት። ነጥቡ ገላው ላይ ብቻ ካለ ምላጩ ይሠራል። ስለቱ ጋ ከደረሰ ግን በድንጋይ እስኪወገድ ድረስ ፊት ላይ አይዋል።