ቪሴንተር ከመብራት መጥፋት በኋላ አልነሳ ሲል

ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱም (የመጠባበቂያ ባትሪው) ከተዳከመ በኋላ፣ የቪሴንተር 7 (ቨርቿል ማሽኖችን፣ ማለትም በሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን፣ የሚያስተዳድረው የቪኤምዌር ፕሮግራም) መግቢያ ገጽ «ኖ ሄልዚ አፕስትሪም» (ከጀርባ ጤነኛ አገልግሎት የለም) ከሚል ጽሑፍ በስተቀር ምንም አላሳይ አለ። ቨርቿል ማሽኖቹ በኢኤስኤክስአይ (ሰርቨሩ ላይ ተጭኖ እነሱን በሚያስኬደው ሶፍትዌር) ላይ ያለ እንከን ይሠሩ ስለነበር፣ የታመመው ማስተዳደሪያው ብቻ መሆኑ ግልጽ ነበር።

ዲስኩ አልሞላም፤ ዲኤንኤሱም (ስሞችን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚተረጉመው) ደህና ነው። በፖርት 5480 በኩል በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ መለያ) ስገባ ግን የቪሴንተሩ ሰዓት ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ አገኘሁት፤ ሰዓቱን የሚወስደው ከሰርቨሩ ሲሆን፣ የሰርቨሩ የማዘርቦርድ ባትሪ፣ ያቺ ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ፣ አልቃ ነበር። ሰዓቱ እንዲህ ወደ ኋላ ሲሄድ አገልግሎቶቹ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡባቸው ሰርተፍኬቶች የአገልግሎት ጊዜያቸው ገና እንዳልጀመረ ስለሚቆጠር፣ አገልግሎቶቹ እርስ በርስ መተማመን አቅቷቸው አይነሱም።

ባትሪውን ቀይሬ፣ በኢኤስኤክስአዮቹም ሆነ በቪሴንተሩ ላይ አንድ ዓይነት የኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክል አገልግሎት) አድራሻ ካስገባሁ በኋላ፣ በ«ሰርቪስ ኮንትሮል» ትእዛዝ አገልግሎቶቹን በሙሉ አቁሜ እንደገና አስነሣሁ፤ ገጹም ተከፈተ። በነገራችን ላይ፣ ኢኤስኤክስአይ የሚሠራው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ቢታይ ትክክል ነውና «ላስተካክል» ብሎ መነካካት አያስፈልግም።