አቮካዶው ጥቅምት ላይ ለምን ይጠወልጋል? የባሕር ዳር ጓሮ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጥቅምት ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ክረምቱን ሙሉ "አቮካዶዬ አምሮበታል" ሲል የከረመ ሰው ሁሉ ፀሐይ ስትወጣ ይደውላል። ጥያቄው አንድ ነው፤ "ቅጠሉ ተንጠለጠለ፣ ምን ላድርግ?" መልሴም አንድ ነው፤ "መጀመሪያ ጎማውን ዝጋ።"

ይህን የምጽፈው ችግኝ መትከል ለሚያውቅ ሰው ነው። አቮካዶ ፀሐይ እንደሚወድ፣ ሲተከል ላስቲኩ እንደሚወልቅ አልነግራችሁም። (ከነላስቲኩ የሚተክል ሰው ግን ዛሬም አለ። ደርቆ ስነቅለው ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ።)

መሬቱ እርጥብ ነው፣ ቅጠሉ ግን ይጠወልጋል

ከምጠራባቸው ጓሮዎች አብዛኞቹ ውስጥ ያለው ችግር ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገረው።

መጀመሪያ ቅጠሉ ይደበዝዛል፤ ወደ ቢጫ ያደላል። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ያንሳል፣ ወይም ጭራሽ አይወጣም። ከዚያ ጫፍ ላይ ያሉት ቅርንጫፎች ራቁታቸውን ይቀራሉ፤ ዛፉ ከላይ ወደ ታች ይደርቃል። አንዳንዱ እየሞተም ትንንሽ ፍሬ በብዛት ያንጠለጥላል። ባለቤቱም "ደህና ነው እኮ፣ አፍርቷል" ይለኛል። ደህና አይደለም። ሊሞት ሲል እንዲህ ያደርጋል።

ምክንያቱ ሥር አበስብስ ነው። የሚያመጣው ፋይቶፍቶራ የሚባል፣ በእርጥብ አፈር ውስጥ እየዋኘ ከሥር ወደ ሥር የሚሄድ ተሕዋስ ነው። አቮካዶ ውሃና ምግብ የሚስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች በብዛት ያሉት ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። አየር ይፈልጋሉ። ውሃ ሲተኛባቸው ይታፈናሉ፤ የታፈነውን ደግሞ ፋይቶፍቶራ ይጨርሰዋል።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯ ለአቮካዶ ይስማማል። ጣጣው ከመሬቱ ነው። ቤዛዊት ተዳፋት ላይ የተተከለ ዛፍ ውሃው ቁልቁል ይሄድለታል። ሐይቁ ዳር ሜዳው ላይ፣ በተለይ ዋልካ አፈር ያለበት ጓሮ ውስጥ፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ መሄጃ የለውም። እዚያው ይተኛል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ዛፉ የሚታመመው ጥቅምት ላይ አይደለም። ሥሩ የበሰበሰው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ያኔ ሰማዩ ደመና ነው፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ቅጠሉ ብዙ ውሃ አይፈልግም። ስለዚህ ሥር ሳይኖረውም ለምለም ይመስላል። መስከረም አልፎ ፀሐይዋ ስትበረታ ቅጠሉ ውሃ ይጠይቃል፤ የሚያቀብለው ሥር የለም። ይጠወልጋል። ባለቤቱ ምን ይላል? "ዝናቡ ስላቆመ ጠማው።" ጎማ ይዞ ይመጣል። የቀረችውንም ሥር በራሱ እጅ ያሰምጣታል።

ሽምብጥ አንድ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ዛፉ ግማሹ ደርቋል። ግቢውን ስዞር የጣሪያው አሸንዳ ቱቦ ቀጥታ ወደ ዛፉ ሥር ተቀይሶ አየሁ።

"ጋሼ፣ የአሸንዳው ውሃ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚወርደው?"

"ታዲያስ! በነፃ የመጣ ውሃ ለምን ይባከናል?"

አንድ ዛፍ ክረምቱን ሙሉ የአንድ ሙሉ ጣሪያ ውሃ ሲጠጣ ከርሟል። ቱቦውን አዞርነው፤ ዛፉን ግን አላዳንነውም።

ሌላው ደግሞ የእንግዳ ማረፊያ ነው። አትክልተኛው ዝናብ እየጣለ በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በሌላው ጎማ ይዞ አቮካዶ ሲያጠጣ ደረስኩ። "ምን እያደረግህ ነው ወንድም ዓለም?" ብለው፣ "ጠዋት ጠዋት ካላጠጣህ ሥራ የለህም ተብያለሁ" አለኝ። በሱ አልፈርድም። ያዘዘው ሰውዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አፈሩን በእጁ ነክቶ አያውቅም።

አዲስ የሚሠሩ ግቢዎች የባሱ ናቸው። ግቢው በሰሌክት (በመሙያ አፈር) ተደልድሎ በሮለር ይጠቀጠቃል፣ ላዩ ይነጠፋል፣ መሐሉ ላይ ጠባብ ጉድጓድ ትቀርና "እዚህ አቮካዶ እንተክላለን" ይባላል። ያ ጉድጓድ ማሰሮ ነው። የገባው ውሃ አይወጣም። ለግንበኛው ብነግረው "ዛፍ ውሃ ይወዳል" ብሎ ሳቀብኝ።

*እንዴት ታረጋግጣላችሁ?* ከግንዱ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ፣ ከቅርንጫፎቹ ጥላ ሳትወጡ፣ የላይኛውን አፈር በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ግለጡት። ጤነኛ ቀጭን ሥር ነጣ ያለ ነው፣ ሲታጠፍ ቶሎ አይሰበርም። የታመመው ጥቁር ነው፤ ስትነኩት ይፈረካከሳል። ጭራሽ ቀጭን ሥር ካጣችሁ ነገሩ አልቋል ማለት ይቻላል። አፈሩንም አሽትቱት። የረጋ ጭቃ የሚሸት ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

*መፍትሄው።* ውሃውን አቁሙ። ለሳምንት የሚሆን አይደለም፤ ጣታችሁን እስከ ሥሩ ስትሰዱት አፈሩ የማይጣበቅባችሁ እስኪሆን ድረስ ነው። አሸንዳው፣ የልብስ እጣቢው፣ የሮቶው ትርፍ ውሃ ወደ ዛፉ የሚመጣ ከሆነ መንገዱን አዙሩ። ከቅርንጫፎቹ ጥላ ውጭ ግማሽ ሜትር የሚጠልቅ ማፋሰሻ ቦይ ቆፍራችሁ ውሃውን ወደ ዝቅተኛው ጎን አውጡት። ወደ ጎረቤት ጓሮ ግን አይሁን፤ በዚህ የተነሳ የተካሰሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ከሥሩ አጠገብ አትኮትኩቱ። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ አቮካዶ ሥር ኩትኮታ የለም። ዶማ ይዞ "ላናፍሰው" የሚል አትክልተኛ የተረፈችውን ሥር ይጨርሳታል። ኩትኮታ ለበቆሎ ነው።

በዶማ ፈንታ ጉዝጓዝ አልብሱት። ጭድ፣ የበቆሎ አገዳ፣ የረገፈ ቅጠል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ግንዱን እንዳይነካ ሁለት ስንዝር ያህል አርቁት፤ ከነካው ግንዱም ይበሰብሳል። እምቦጭ ከሐይቁ አምጥተው የሚጎዘጉዙም አሉ። አበባና ዘር የያዘ እምቦጭ ግን ወደ ጓሯችሁ እንዳታስገቡ። ጣናን ያስቸገረውን አረም በማዳበሪያ ከረጢት ጭናችሁ ወደ ጎረቤት ኩሬ ልታደርሱት ነው።

የደረቀውን ቅርንጫፍ ቁረጡ። ከለምለሙም ቀንሱ፤ ጥቂት ሥር ብዙ ቅጠል አይችልም። ከቆረጣችሁ በኋላ ፀሐይ ያገኘውን ግንድ ኖራ በጥብጣችሁ ቀቡት፤ የአቮካዶ ቅርፊት በፀሐይ ይቃጠላል።

ዩሪያ አትስጡት። የታመመ ዛፍ ዩሪያ አይበላም። "ደከመው፣ ላበርታው" ብሎ አንድ እፍኝ የሚጨምር ሰው የመጨረሻውን ምስማር እየመታ ነው። ያልበሰለ ፍግም አትስጡት። የበግ በረት ጠርጎ ሥሩ ላይ መከመር ደግነት አይደለም።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ለዚህ በሽታ የሚሠሩት ፎስፎኔት እና ሜታላክሲል ናቸው። ሁለቱም ቢሆኑ ውሃው እስካልወጣ ድረስ ገንዘብ ማቃጠል ናቸው። ማንኮዜብ የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት ብቻውን ቅጠል ላይ መርጨት ደግሞ ሥር ለበሰበሰ ዛፍ ምንም አይፈይድም። ባለሱቁ ያለውን ይሸጥላችኋል፤ መለያ ወረቀቱን አንብቡ። ፍሬ ያለበት ዛፍ ከሆነ ከርጭቱ እስከ ለቀማው ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት እዚያው ተጽፏል።

ከታመመው ዛፍ ሥር የዋለ አካፋና ጫማ ሳይታጠብ ወደ ጤነኛው እንዳይሄድ። በሽታው ከጓሮ ጓሮ የሚዞረው በጭቃ ነው።

*ከሞተስ?* እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ አቮካዶ አትትከሉ። በሽታው አፈሩ ውስጥ ይቆያል። ለቦታው ሙዝ ስጡት። አዲሱን አቮካዶ ሌላ ቦታ፣ ከመሬት በላይ፣ ጉብታ ሠርታችሁ ትከሉ። ጉብታው ከፍታው ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ፣ የግርጌው ስፋት ወደ ሁለት ሜትር ይሁን። አፈሩ ቀይ አፈርና የበሰለ ኮምፖስት ቢሆን ይመረጣል። ችግኙ ላስቲክ ውስጥ ከነበረበት በላይ እንዳይቀበር። "ዋልካ ቢሆንም 60 በ60 ቆፍሬ ጥሩ አፈር ሞልቼበታለሁ" የሚል ሰው ያው ማሰሮ ነው የሠራው።

በጋ ላይ ውሃ የምታገኙ ከሆነ ደግሞ ሰኔ ላይ አትጣደፉ። ክረምቱ ጋብ ሲል መስከረም ላይ የተተከለ፣ ሐምሌ ጭቃ ውስጥ ከተተከለው ይሻላል። ጎረቤት ሁሉ ሐምሌ ላይ ስለተከለ ብቻ መትከል የለባችሁም።

ዛፉ ትልቅ ነው፣ ፍሬ ግን የለም

መጀመሪያ ከዘር የበቀለ እንደሆነ እዩ። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ያስጠብቃል፤ ከዚያም የሚዘገይ አለ። የተዳቀለው፣ ማለትም ከዘር በበቀለ ግንድ ላይ የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ የተያያዘበት፣ በሦስትና በአራት ዓመቱ ይጀምራል። ግንዱ ላይ ከመሬት አንድ ስንዝር አለፍ ብሎ የመዳቀያው ጠባሳ መታየት አለበት፤ ከበላዩና ከበታቹ ያለው ቅርፊት ትንሽ ይለያል።

መንገድ ዳር "ሃስ ነው (ሃስ የአቮካዶ ዝርያ ነው)፣ የተዳቀለ ነው" እየተባለ የሚሸጠውን ግን ላስቲኩን ፈትታችሁ ሳታዩ እንዳትገዙ። ምንም ያልተቆረጠ ግንድ ላይ ላስቲክ ጠቅልሎ ብቻ የሚሸጥ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄ ስርቆት ነው። አምስት ዓመት አስጠብቆ የሚሰርቅ ሌባ ማለት ነው።

ተዳቅሎም የማያፈራ ከሆነ ከጠባሳው በታች የበቀለ ቅርንጫፍ አለመኖሩን እዩ። ካለ ከታች ያለው፣ ከዘር የበቀለው አገሬው ግንድ ላዩን እየዋጠው ነው። ገና ለጋ ሳለ በእጅ ገንጥሉት።

ያብባል ግን አይቋጥርም? የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ አንዴ በሴትነት፣ በማግሥቱ በወንድነት። ሃስ ጠዋት ሴት ነው፤ ፉኤርቴና ኢቲንገር የሚባሉት ዝርያዎች ከሰዓት። ስለዚህ አንድ ሃስና አንድ ፉኤርቴ ቢጎራበቱ ይጠቃቀማሉ። ጓሯችሁ ከጠበበ ጎረቤታችሁን ሌላኛውን ዓይነት እንዲተክል አግባቡት። አበባ ላይ ፀረ ተባይ አትርጩ፤ ሥራውን የሚሠራላችሁን ንብ ትገድላላችሁ።

አበባው ረገፈ ብላችሁ ግን አትደውሉልኝ። አንድ ትልቅ ዛፍ እስከ አንድ ሚሊዮን አበባ ያወጣል፤ ከሺህ አንዱ እንኳ ፍሬ አይሆንም። መርገፍ ተፈጥሮው ነው።

ጠባሳው ላይ አብጦ በነፋስ ይሰበራል

የመዳቀያው ላስቲክ አልተፈታም፤ ግንዱን አንቆታል። ከተያያዘ በኋላ በምላጭ ቀዱት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ የሚሠራው ግን ጥቂት ነው።

የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል

ጨው ወይም ማዳበሪያ በዝቶበታል፣ አለዚያም በጋ ላይ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው የሚያጠጡት። ራቅ ራቅ አድርጋችሁ፣ ስታጠጡ ግን ጥግብ አድርጉት።

ቅጠሉ ትንሽ፣ በደም ሥሮቹ መካከል የገረጣ፣ ፍሬውም ድቡልቡል

የዚንክ እጥረት ነው። ዚንክ ሰልፌት ቅጠሉ ላይ ይረጫል።

ችግኙ በበጋ ድንገት ወደቀ

ምስጥ። ግንዱን ከመሬቱ አጠገብ እዩት፤ ተልጦ ታገኙታላችሁ። ጉዝጓዙን ከግንዱ አርቁ።

ፍሬው ዛፍ ላይ አልበስል አለ

አይበስልም። አቮካዶ የሚለሰልሰው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። አንዱን ቀጥፋችሁ ቤት አስቀምጡት። ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ደርሷል፤ ከተጨማደደ ገና ነው። ከነእንጨቱ በመቀስ ቁረጡት እንጂ በድንጋይ አታውርዱት።

በጉ ታመመ

ይሄ የዛፉ ችግር አይደለም፣ ግን በየበዓሉ ይገጥመኛል። የበዓል በግ አቮካዶ ሥር ይታሰራል፣ ዝቅ ያለውን ቅጠል ሲቀጥፍ ይውላል። ቅጠሉ ለበግ፣ ለፍየል፣ ለላምና ለጥንቸል መርዝ ነው፤ ልባቸውን ይጎዳል፣ የምትታለበዋንም ጡቷን ያሳብጣል። የቆረጣችሁትንም ቅርንጫፍ ለከብት አትስጡ። በጉን ሌላ ቦታ እሰሩት፤ የበላ ከሆነ ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።